የሃያ ደቂቃ ውሃ

በአንድ የልብስ እጥበት ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኪስ ስትፈትሽ የኖረች ሴት ነበረች። ሥራዋ ይኸው ነው። ኮትም ይምጣ ሱሪ፣ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእሷ እጅ ያልፋል፤ ኪሱን ትገለብጣለች፣ ገበሩን በጣቷ ትዳብሳለች፣ ያገኘችውን በትንሽ ላስቲክ ቋጥራ የልብሱን ቁጥር ትጽፍበታለች። እስክሪብቶ፣ የቤት ቁልፍ፣ አራት ቦታ የታጠፈ የሐኪም ወረቀት፣ አንድ ጊዜማ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ያየችውን ሁሉ ብታወራ ኖሮ ሰፈር ይታመስ ነበር። እሷ ግን ገመና ሸፋኝ ናት፤ የሰውን ንብረት ለሰውየው ትመልሳለች፣ በቃ።

አብረዋት የሚሠሩት ፈታሿ ይሏታል። ካውያው ላይ የምትቆመውን ቀጭን ልጅ ደግሞ ተኳሿ። የቤቱ ባለቤት እትዬ፣ ደስ ሲላቸው፣ «ፈታሽም አለን፣ ተኳሽም አለን፤ የጎደለን እስር ቤት ብቻ ነው» እያሉ ይስቃሉ። ተኳሿ ተጫዋች ናት፤ ደረቷ ግን የማያስተማምን ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት፤ በአፏ የምትስበው መድኃኒት በር ላይ በተሰቀለው ቦርሳዋ ውስጥ ነው የሚውለው።

ከቤቱ ጀርባ፣ ቦይለሩ ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስልሳ የተጠጋ ሰውዬ ይሠራል። ውሃ ያሞቃል፣ እንፋሎቱን ይቆጣጠራል፣ ቧንቧ ሲያፈስ ያጠብቃል። አምስት ዓመት ሲሠራ ከማንም ጋር ወሬ ይዞ አያውቅም። «እንዴት አደሩ» ሲባል አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ምሳውን ብቻውን ይበላል፤ ሥራው ሲያልቅ ሹልክ ብሎ ይሄዳል። ሴቶቹ ቁልፉ ብለው ሰይመውታል። ፈታሿ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አትወደውም ነበር። የማይናገር ሰው ሆዱ አይታወቅም የምትል ዓይነት ሴት ናት። ጓሮ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እንኳ በእሱ በር ላለማለፍ ዙሪያውን ትሄድ ነበር።

እቤቷ እናቷ አሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶባቸዋል። ሌላ ዘመድ የላቸውም፤ እናትና ልጅ ብቻ። መድኃኒታቸውን አይታ የምትሰጣቸው፣ ደረጃውን ቆጥራ የምታወርዳቸው፣ የውጩን ዓለም በወሬ የምታስገባላቸው እሷ ናት። «እኛ ቤት ሁለት ሰውና አንድ ጥንድ ዓይን ነው ያለው» እያለች ትቀልዳለች። ብቻዋን ስትሆን ግን ቀልዱ ያስፈራታል።

ነገሩ የተፈጠረው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ካውያው ፈልቶ፣ ማሽኖቹ እየተሽከረከሩ፣ ከተኳሿ ኋላ የቆመው ትልቁ ቬንትሌተር ሙቀቱን ወደ በሩ እየገፋ ነበር። ፈታሿ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ግራጫ የሴት ካፖርት ዘረጋች። የውጭ ኪሱ ባዶ ነው። ከውስጥ በኩል ግን በገበሩ ላይ የተሰፋ ሌላ ኪስ አለ፤ ጣቷ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ስታወጣው አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ቆርቆሮ ነች፤ ጽሑፏ በመታሸት ብዛት ጠፍቷል፣ ጫፏ ላይ የሚጫን ነገር አላት።

ፈታሿ ከፍ አድርጋ ለተኳሿ አሳየቻት። ተኳሿ ከካውያው ቀና ሳትል ሽቶ ነው አለች፤ ከሆነስ ለሁላችንም ይድረሰን ብላ ሳቀች። እንግዲህ የሰው ዕቃ አለመንካት ልማዷ የሆነች ሴት ያን ቀን ምን እንደነካት እንጃ፣ ቆርቆሮዋን አፍንጫዋ አጠገብ አድርጋ ጫን አለቻት። ቀዳዳው ወዴት እንደዞረ አላየችም።

ቀጭን ፈሳሽ ተወርውሮ ግንባሯንና ሁለት ዓይኗን መታት። ለአንድ እስትንፋስ ያህል ቅዝቃዜ ብቻ ነው የተሰማት። ከዚያ ፊቷ ነደደ። ሽፋሽፍቷ ራሱን ዘጋ፤ ክፈት ብትለው አልታዘዝ አለ። ጉሮሮዋ ተያዘ፣ አፍንጫዋ እንደ ምንጭ ፈሰሰ፣ እጇ ሳታዘው ወደ ዓይኗ ሄዶ አሸው። ያሸችበት መዳፍም ነደደ። ቆርቆሮዋ ወለሉ ላይ ወድቃ ስትንከባለል ሰማች፤ ቀጥሎ የሰማችው የተኳሿን ሳል ነው። የረጨችው ክፍሉ ውስጥ ተበትኖ ቬንትሌተሩ እያገላበጠ ለሁሉም አዳርሶት ነበር።

ችግር ሲመጣ ባለመድኃኒቱ ይበዛል። ከማሽኖቹ በኩል ያለችው አጣቢ ለቁርሷ ያመጣችውን ወተት ይዛ ሮጠች። ሌላዋ ሎሚ ፍለጋ ወጣች። እትዬ እያሳላቸው ከቢሯቸው ቫዝሊን ይዘው መጥተው ጉንጯን ሊቀቧት ክዳኑን ከፈቱ። ፈታሿ ይህን ሁሉ በጆሮዋ ነው የምትከታተለው፤ ጠረጴዛውን ጨብጣ፣ ትንፋሽ እያጠራት።

ያን ጊዜ ከኋላ በር በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ ማንም ከዚያ በፊት ልብ ብሎ ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ።

«ወተቱን አስቀምጪው። እትዬ፣ ቅባቱንም ይዝጉት። ይሄ የሚረጭ በርበሬ ነው፤ ቅባት ከቆዳዋ ጋር ያጣብቀዋል። ሎሚ የሚባል ነገር ደግሞ ፊቷ አጠገብ እንዳይደርስ። ሁላችሁም በጓሮ በር ውጡ።»

ቁልፉ ነበር። በአንድ እጁ ቬንትሌተሩን አጠፋ፣ የፊቱንም የጓሮውንም በር ወለል አድርጎ ከፈተ፣ ካውያውን ነቀለ። ቀጥሎ ተኳሿን ደግፎ አወጣት። ሊያስተኟት ሲሉ ከለከለ፤ ወንበር አምጥተው ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ አደረገ፣ ቦርሳዋን አስመጥቶ መድኃኒቷን አፏ ላይ ሰጣት። እትዬን መኪናቸውን በር ላይ አዙረው እንዲያቆሙት ለመናቸው፤ የልጅቷ ደረት ቶሎ ካልተረጋጋ ቆሞ ማየት የለም አላቸው። ነፋሱ የሚመጣው ከአጥሩ በኩል ነበርና ሁሉንም ወደዚያ አስጠጋቸው፤ ከቤቱ የሚወጣው አየር ተመልሶ እንዳይመጣባቸው ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ፈታሿ መጣ። መምጣቱን ያወቀችው በላስቲክ ጓንቱ ሽታ ነው።

«እህቴ፣ እኔ ነኝ፤ የቦይለሩ ሰውዬ። እጅሽን ከዓይንሽ አውርጂ። ባሸሽው ቁጥር ወደ ውስጥ ታስገቢዋለሽ። ዓይንሽ ውስጥ የሚደረግ መነጽር አለ?»

የለም አለች።

«ደግ። አሁን ክንዴን ያዢና ነይ። ሰባት እርምጃ ነው።»

ሰባቱን እርምጃ እየቆጠረ ወሰዳት። እናቷን እንዲህ ነበር የምትወስዳቸው፤ ደረጃ ስታወርዳቸው እንዲሁ እየቆጠረች። ይህ ሐሳብ ሲመጣባት ክንዱን አጥብቃ ያዘችው።

አንገቷ ድረስ የሚደርስ የሱፍ ሹራብ ነበር የለበሰችው። ወደ ላይ ልታወልቀው ስትል እጇን ያዘ። በአንገቷ ከወጣ የነካው በርበሬ ሁሉ እንደገና ፊቷን ይጠርጋል፤ መቀስ ነው የሚሻለው አላት። ፈታሿ አመነታች። ሹራቡን እናቷ ብርሃናቸው ሊጠፋ አንድ ክረምት ሲቀረው በእጃቸው የሠሩላት ነው። በመጨረሻ እሺ ብላ አንገቷን ነቀነቀች። መቀሱ ከታች ጀምሮ እስከ አንገቷ ቀስ ብሎ ወጣ፤ አንዷ አጣቢ ንጹሕ አንሶላ ከኋላ አለበሰቻት፣ ሹራቡም ፌስታል ውስጥ ገብቶ ታሰረ።

ጓሮው ውስጥ የልብስ ዘንቢል የሚታጠብበት ቧንቧ አለ፣ ረዥም ጎማ ያለው። የጎማውን አፍ ነቅሎ ጥሎ ውሃውን መጀመሪያ መሬት ላይ አፈሰሰው፤ ጎማው ውስጥ የቆየው ሙቅ ውሃ አልቆ ቀዝቃዛው እስኪመጣ ጠበቀ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲያሞቅ የሚውል ሰው፣ ለዚህ ነገር ሙቅ ውሃ ጠላት ነው፣ ቆዳን ከፍቶ ያቃጥላል አለ። አግዳሚ ወንበር ላይ በቀኝ ጎኗ አዘነበላትና ውሃውን ከአፍንጫዋ ጎን ወደ ጆሮዋ በኩል አወረደው፤ ከአንዱ ዓይን የታጠበው ወደ ሌላው እንዳይገባ። ውሃው አይገፋም፣ አይመታም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ውሃው ውስጥ ዓይንሽን አርገብግቢው። መክፈት ባትችዪም ሞክሪ። መጀመሪያ ላይ ይብስብሻል፤ አትደንግጪ።»

አርገበገበችው። እውነትም ባሰባት። ሰውነቷ ከወንበሩ ተነሥቶ ሊሸሽ ሲል እጁ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ አልተጫናትም፣ እዚያው ብቻ ቆየ። ጥቂት ቆይታ ጉሮሮዋ ትንሽ ሲለቅቃት፣ ከሁሉ በፊት የጠየቀችው ይህን ነው፦

«ጋሼ፣ ዓይኔ ጠፋ?»

«አልጠፋም። ያቃጥላል እንጂ እንዲህ በቀላሉ አያጠፋም። ሐኪም ያየዋል፤ እስከዚያ የእኛ ሥራ ውሃ ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሰዓቴን ይዣለሁ።»

ስለ እናቷ ነገረችው። ለምን እንደነገረችው አታውቅም፤ አምስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ላልሰጠችው ሰው። እናቴ አታይም፣ እኔም ካላየሁ ማን ማንን ይመራል አለችው። ውሃው ብቻ ይሰማል፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ የተኳሿ ፉጨት የመሰለ፣ ረገብ እያለ የሄደ ትንፋሽ። በግራ ጎኗ አዞራትና ሌላውን ዓይን ጀመረ። ከዚያ፣ ምናልባት እሷን ከወንበሩ ጋር ለማቆየት ብሎ፣ ምናልባትም ለራሱ፣ መናገር ጀመረ።

ድሮ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ቆብና ጋሻ ከሚይዙት አድማ በታኝ ፖሊሶች ጋር ይሠራ ነበር። ሰው ሲሰበሰብ በትኑ ይባላሉ፣ ይበትናሉ። የሚረጨውን በርበሬም፣ አስለቃሽ ጭሱንም በእጁ ይዞ ያውቃል። ሲወረውር የሚያየው ጀርባ ብቻ ነበር፤ የሚሮጥ ጀርባ። ፊት አይቶ አያውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አደባባይ ላይ ጭስ ወርውረው ሳሉ ነፋሱ ዞረ። እሱ ያን ቀን የጭንብሉ ማሰሪያ ተበጥሶበት በእጁ ይዞት ነበር። ጭሱ ተመልሶ ዋጠው። ጓደኞቹ ወደ ፊት ሄደዋል። በእጁ ግድግዳ እየዳበሰ አንድ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ደርሶ ወደቀ። እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ያለቀሰው ዓይኑ ብቻ አልነበረም፣ እሱ ራሱም ነው አለ።

«አንዲት ልጅ መጣች» አላት። «ከሚሮጡት ናት፣ እኔ ካባረርኳቸው። ድምፅዋ እንደኔው ታፍኗል። ልብሴን እያየችው፣ ማን እንደሆንኩ እያወቀች፣ አጠገቤ ተንበረከከች። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዛ ነበር። ‹አትሸው፣ አርገብግበው› አለችኝ። ከጭሱ በላይ ወደሆነው ደረጃ እየጎተተች አወጣችኝ፤ ጭሱ ታች ነው የሚተኛው አለች። አንዱን ጠርሙስ ጨረሰችብኝ። ሁለተኛው ለራሷ ነበር፤ ሳሏ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እሱንም ከፈተችው።»

ስሟን ጠይቋት ነበር። ስም ምን ያደርግልሃል፣ ይልቅ ዓይንህን ክፈት አለችው። ዓይኑን ሲከፍት በጭጋግ ውስጥ ያየው አረንጓዴ ሻርፕና የምትሄድ ጀርባ ነው። በዚያ ቀን ሥራውን ትቼ ወጣሁ ብል ደስ ባለኝ አለ፤ አልተወም። ልጆቹ ትንንሾች ነበሩ፣ ሌላ ሁለት ዓመት እዚያው ቆየ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን ጀርባ ብቻ ማየት አልቻለም። ሲወጣ መጀመሪያ ያደረገው፣ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ የሁለት ቀን የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት መማር ነው። ልጅቷን ብዙ ፈለጋት። በምን ይፈልጋታል? ስም የላት፣ መልክ የላት። ምስጋናው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ እንግዳ ሆኖ ልቡ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚሄድበት አጥቶ።

ፈታሿ ውሃው ውስጥ ሆና ሰማችው። ማቃጠሉ አልቆመም፤ ግን የሚቻል ሆነ። በዚህ መሀል ሰውዬው ወሬውን አቋርጦ ሳሙና አስመጣ፤ የማሽኑን ዱቄት አይደለም፣ እሱ ራሱ ያቃጥላል፣ የእጅ መታጠቢያውን ለስላሳ። አጣቢዋ ጓንት አድርጋ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አንገቷንና እጆቿን በአረፋ አጠበቻት፤ ዓይኗን ሳትነካ፣ ሳታሽ፣ አረፋውን እያወረደች። ከዚያ እንደገና ውሃ።

«ሃያ ሞላ» አለ። «እስቲ ሞክሪ።»

ሞከረች። ብርሃኑ እንደ መርፌ ወጋት፤ ዘጋችው፤ እንደገና ሞከረች። መጀመሪያ ያየችው እርጥብ ሲሚንቶ ነው። ከዚያ የውሃው ጅረት ሰማያዊ የልብስ መቆንጠጫ እየነዳ ሲወስድ። ከዚያ ሁለት ያረጁ፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የረጠቡ ጫማዎች፣ አንደኛው ክር ከሌላው የተለየ ቀለም ያለው። ቀና ስትል በመጨረሻ ፊቱን አየችው። አምስት ዓመት አብሯት የሠራውን ሰው ያን ቀን ነው ያየችው። ዓይኖቹ ቀልተው፣ ከጉንጩ ላይ እንባ እየወረደ ነበር፤ ከቤቱ የወጣው በርበሬ ነው ወይስ ሌላ፣ አልጠየቀችም።

«አያለሁ» አለች። «ጋሼ፣ አያለሁ።»

ሰውዬው ግን እሷን ትቶ ወደ ተኳሿ ሄደ። ረገብ ብሎ የነበረው የልጅቷ ደረት እንደገና ያፏጫል፤ ከንፈሯ መልኩን ለውጧል። መድኃኒቱን ደግማ ወስዳ አልበቃትም። ከዚህ በላይ የእኛ ሥራ አይደለም አለ፤ ሁለቱንም መኪና ውስጥ አስገብተው መስኮቱን ከፍተው እትዬ ወደ ጤና ጣቢያ በረሩ። ቆርቆሮዋንም ሐኪሙ እንዲያያት በላስቲክ ጠቅልሎ ላከ።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። የፈታሿ ዓይን ላይ ቀለም ያለው ጠብታ ጠብ አድርጋ በሰማያዊ መብራት አየችው። ብሌኗ አልተጫረም፤ ይቀላል፣ እስከ ነገ ይቆረቁራል፣ ከዚያ ይለቃል አለች። ማን እንዳጠባት ጠየቀች። የቦይለር ሠራተኛችን አሏት። ሐኪሟም፣ እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር፣ ሰውየውን አመስግኑልኝ አለች። ተኳሿ በጭምብል ኦክስጅንና የሚተን መድኃኒት ተሰጥቷት እስከ ከሰዓት ቆየች፤ አሥር ሰዓት ላይ በእግሯ ወጣች። ቀጥ አድርገው አስቀምጠው ቶሎ ባያመጧት ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን እንደነበር እትዬ ብቻ ነው የተነገራቸው፤ እሳቸውም ለማንም ሳይናገሩ ሦስት ቀን ሙሉ ተኳሿን ዓይን ዓይኗን እያዩ ሰነበቱ።

ፈታሿ እቤቷ ስትገባ እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። እግሯን ሲሰሙ ዛሬ እርምጃሽ ሌላ ነው አሉ። አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሽቶ መስሎኝ የሚለው ላይ እያፈረች፣ ሹራቡ ጋ ስትደርስ ቀስ እያለች። እናቷ ሹራቡን አለፉት፤ ሱፍ የትም ይገዛል አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን በጣታቸው አዩት፤ ያበጠ ሽፋሽፍቷን ሳይነኩ ዙሪያውን ብቻ፣ እንደ ሙቅ ዳቦ ጠርዝ።

«ስንት ጣት ነው?» አሉና ሦስት ጣታቸውን አወጡ።

«ሦስት፣ እማዬ።»

«ይሄ?»

«አንድ።»

«ተመስገን» አሉ እናቲቱ። ጥቂት ቆይተው፣ «ሰውየው ጋ ውሰጂኝ» አሉ። እኔ አመሰግነዋለሁ፣ አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ ብትላቸው፣ አንቺ ያመሰገንሽው ለዓይንሽ ነው፣ እኔ የማመሰግነው ለእኔ ነው፣ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው ብለው ረቷት።

በማግስቱ የካፖርቱ ባለቤት መጣች። ማታ ማታ ከሥራ ብቻዋን የምትመለስ፣ የቢሮ ቦርሳ ያንጠለጠለች ደቃቃ ሴት ናት። የተፈጠረውን እትዬ ሲነግሯት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ኪሱ መኖሩንም ረስቼው ነበር እያለች አለቀሰች። ፈታሿ ልትቆጣት ተዘጋጅታ ነበር፤ ግን ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ገበሯ ውስጥ ሰፍታ የምትሄደው ጠግባ እንዳልሆነ ታውቃለች። እኔም የሰው ዕቃ መጫን አልነበረብኝም አለቻት። ተሳሳሙ። ሴትዮዋ የቁልፉን ነገር ስትሰማ ወደ ቦይለሩ ክፍል ሄዳ የበርበሬው ነገር በእሷም ላይ ቢደርስ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠየቀችው፤ እሱም ቆሞ አንድ በአንድ ነገራት። እትዬ ይህን ከሩቅ አዩና፣ ለምን ለሁላችንም አያስተምረንም አሉ። በዚያው ሳምንት ማሽኖቹ ቆመው ሁሉም ጓሮ ተሰብስቦ እየተገለባበጠ ዓይን መታጠብ ተለማመደ፤ አጣቢዎቹ እየሳቁ፣ ተኳሿ በሽተኛ ሆና እየተወነች።

እናቲቱ የመጡት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ነጠላ ጫማ ትተው ደኅናውን ጫማቸውን አድርገዋል፤ የልጃቸውን ክንድ ይዘው፣ ካውያውንና ማሽኑን በጆሮ እየለዩ አልፈው ጓሮ ደረሱ። ሰውዬው ሲያያቸው ጓንቱን አውልቆ ቆመ። እጅህን ስጠኝ አሉት። ሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ፤ ሥራ የበላውን መዳፍ በአውራ ጣታቸው እያዩት።

«ልጄ፣ እኔ ቤት ያለው ዓይን አንድ ጥንድ ነው» አሉት። «እሱን ነው ያተረፍክልኝ። የልጅ ልጆችህን ዓይን እስክታይ እግዜር ያቆይህ። ያጠቡህ ሰዎች አይጥፉ፤ የምታጥበውም ውሃ አይጥፋብህ።»

አሜን አለ።

«ልጄ ስለዚያች ልጅ ነገረችኝ፤ ዓይንህን በውሃ ስላጠበችው» ቀጠሉ እናቲቱ። «ስሟን አታውቀውም አይደል? እኔም አላውቀውም። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት ስጸልይ ከልጄ ቀጥዬ እሷን አነሣታለሁ። ያቺ አረንጓዴ ሻርፕ ያላት እላለሁ። እግዜር ማን እንደሆነች ያውቃል። ያንተን ምስጋና እዚያ አድርሼልሃለሁ፤ ከእንግዲህ ብቻህን አትሸከመው።»

ሰውዬው ፊቱን በሌላው ክንዱ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እናቲቱ አያዩም፤ የትንፋሹን መቆራረጥ ግን ሰሙ።

«አሁን ደግሞ ማን ረጨብህ?» አሉት።

ሳቀ። እያለቀሰ ሳቀ። በሩ ላይ ቆመው የሚያዩት አጣቢዎችም ሳቁ፤ ተኳሿ ሳቋ ወደ ሳል እንዳይሄድባት ደረቷን ይዛ። ፈታሿ ከእነሱ ጋር ልትስቅ ብላ አልሆነላትም፤ ሁለቱን ዝም ብላ አየቻቸው፣ እናቷንና ሰውዬውን፣ ማየት ራሱ ስጦታ ሆኖላት።

ሲሄዱ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው እኔ ላድርሳቸው አለ ሰውዬው፤ አንቺ ሥራሽን ያዢ። እናቲቱ የእሱን ክንድ ያዙ። በመንገዱ ዳር፣ እሱ ረዥሙ ሰው ወደ እሳቸው ቁመት ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ እያሉ ሄዱ። የሆነ ነገር እየነገራቸው ነበር። እሳቸውም አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ አልፎ አልፎ ቆም ብለው የሆነ ነገር እየጠየቁት። ፈታሿ ከበሩ ላይ ሆና መታጠፊያው ጋ እስኪደርሱ በዓይኗ ተከተለቻቸው። አውቶቡሱ መጥቶ አለፈ፤ አልተሳፈሩበትም። ወሬያቸው አላለቀም ነበር።